‹‹ጣራ››ው ‹‹ታራ›› ሲሆን

‹‹ካርታ›› የሚለው ቃል በአገራችን ቢያንስ ሦስት ኑሮ አለው። አንዱ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወንዝና ተራራ የሚያሳየን ነው። ሁለተኛው ንጉሥና ንግሥት ያሉበት፣ የሥራ ፈት ከሰዓት በኋላ ማሳለፊያ የሆነው የመጫወቻ ካርታ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም የከበረው ነው፤ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ‹‹ካርታ አለው ወይ?›› ብሎ ሲጠይቅ ስለ ተራራ አይደለም የሚያወራው፤ ስለ ቤት ይዞታ ነው። እንግዲህ በዚህ ላይ አራተኛ መጥቷል። ባለቤት የሌለው፣ ወይም ሁሉም ባለቤቱ የሆነ፣ ማንም ሰው ከየትም ሆኖ የሚሥለውና የሚያርመው ካርታ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ ተማሪ ‹‹ኦፕን ስትሪት ማፕ›› የተባለውን ሥራ ጀመረ። የአገሩ መንግሥት ካርታ ሠሪ ድርጅት መረጃውን በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበርና ‹‹እንግዲያው ራሳችን እንሥለዋ!›› አለ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ጋሪ ሸርማን የተባለ አሜሪካዊ ዛሬ ‹‹ኪውጂአይኤስ›› የምንለውን የካርታ ሶፍትዌር መጻፍ ጀምሮ ነበር። ማንም በነፃ የሚጭነው፣ የቻለ ደግሞ ውስጡን ገልብጦ የሚያሻሽለው ሶፍትዌር ነው። የንግዱ ሶፍትዌር ፈቃድ ዋጋው ለአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የማይቀመስ ስለሆነ የዚህ ዓይነቱ ሥራ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› የሚለውን የአባቶቻችንን ብሂል ፈረንጆቹ በኮምፒዩተር ሠሩበት ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ሥራ ለማመስገን ብቻ ብዕር አላነሣሁም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ለተማሪዎቼ የምላቸው አንድ ነገር ነበር፤ ‹‹ይህን የሚናገረው ማነው? ለማንስ ነው የሚናገረው?›› ብላችሁ ሳትጠይቁ ምንም ነገር አታንብቡ። ካርታም ቢሆን የሚነበብ ነገር ነውና ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። እስቲ በዚሁ ዓይን የጣራ ገዳምን አካባቢ፣ የሊቦ ከምከምንና የፎገራን ሜዳ እንየው።

በመጀመሪያ ፊደሉ። ጣራ ገዳም ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ በደን ተሸፍኖ ከፍ ያለ ገዳም ነው። ስሙም ‹‹ጣራ›› ነው፤ የቤት ጣራ እንደምንለው። ይህንን ስም በላቲን ፊደል ስትጽፉት ‹‹ጣ›› እና ‹‹ታ›› አንድ ዓይነት ሆነው ቁጭ ይላሉ። ከዚያ አንድ የዋህ ሰው የላቲኑን መልሶ ወደ አማርኛ ሲገለብጠው ‹‹ታራ ገዳም›› ይለዋል። ‹‹ታራ›› ደግሞ ለአዲስ አበባ ሰው ጆሮ ‹‹ተራ››ን ይመስላል፤ ዶሮ ተራ፣ ሚኒባስ ተራ! ስንት ዘመን ተከብሮ የኖረ ገዳም በአንድ ነጥብ ምልክት ጉድለት ታክሲ መጠበቂያ መሰለ።

ጎረቤቶቹም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። ወረታን በላቲን ፊደል የጻፉ ሰዎች አንዳንዱ ‹‹ወረታ››፣ አንዳንዱ ‹‹ዎሬታ››፣ አንዳንዱ ደግሞ ‹‹ወሮታ›› ተብሎ እንዲነበብ አድርገው ጽፈዋታል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስትወጡ የምታገኟት ዓለም በር፣ ‹‹የዓለም በር›› የሚል ሰፊ ስም ተሸክማ በላቲኑ ተጣብቃ ‹‹አለምበር›› ትሆናለች። ከባሕር ዳር ስትመጡ የምታልፏት ሐሙሲት የሐሙስ ገበያዋን በስሟ ይዛ የኖረች ናት፤ በሐመሩ ‹‹ሐ››፣ በሃሌታው ‹‹ሃ››፣ አንዳንዴም በብዙኃኑ ‹‹ኀ›› ትጻፋለች። እኛ ስናነብ ልዩነቱ አይታወቀንም። ማሽኑ ግን ‹‹ሐ›› ሌላ፣ ‹‹ሃ›› ሌላ ነው የሚለው። በአንዱ ፊደል የመዘገባትን ከተማ በሌላው ስትጠይቁት ‹‹አላውቃትም›› ሊል ይችላል።

መላ ጠፍቶ አይደለም። የአማርኛ ስሞች በላቲን ፊደል የሚጻፉበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1967 በተባበሩት መንግሥታት የመልክዓ ምድር ስሞች ጉባኤ ጸድቋል። ‹‹ጠ››ን ከ‹‹ተ›› የሚለይ ምልክትም አለው። ማን ይጠቀምበታል? ምልክቱን መጻፍ ለጣት ስለሚያስቸግር ሁሉም ይዘለዋል። ከሁሉም የሚገርመው ግን የነፃው ካርታ ይህን ጣጣ ከነጭራሹ ሊያስቀርልን መቻሉ ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ ስም በየቋንቋውና በየፊደሉ የሚጻፍበት ክፍት ቦታ አለው፤ አማርኛም የራሱ አለው። ‹‹ጣራ››ን በ‹‹ጣ›› እንዳንጽፍ የከለከለን የለም።

ከፊደሉ ወደ ቃሉ እንለፍ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚጣፍጠው።

የነፃው ካርታ ሠሪዎች ዓለምን በሦስት ነገር ይከፍሏታል፤ ‹‹ኖድ››፣ ‹‹ዌይ›› እና ‹‹ሪሌሽን››። ኖድ ነጥብ ነው። ዌይ የነጥቦች ሰንሰለት ነው። ሪሌሽን እነዚህን የሚያዛምድ ነው። አሁን አንድ ቅን ተርጓሚ መዝገበ ቃላት ገልጦ ‹‹ዌይ ማለት መንገድ ነው›› ቢል ጉድ ፈላ! የቤት ዙሪያውም፣ የሐይቅ ዳርቻውም፣ የማሳ ድንበሩም በእነሱ አነጋገር ዌይ ናቸውና አገሩ በሙሉ መንገድ ሆኖ ያርፈዋል። ‹‹ሃይዌይ›› የሚለውማ ይብሳል። በመዝገበ ቃላት አውራ ጎዳና ነው። በእነሱ ካርታ ግን የእግር መንገድም፣ የጋሪ መንገድም የሚመዘገበው በዚሁ በሃይዌይ ስም ሥር ነው፤ የእንግሊዝ አገር ሕግ ሕዝብ የሚያልፍበትን ሁሉ በዚያ ቃል ስለሚጠራው ነው። እናም ከብት ወደ ርብ ወንዝ ውሃ ለመጠጣት የሚወርድበት ቀጭን ዱካ ‹‹አውራ ጎዳና›› ተብሎ ቢተረጎም የመንገዶች አስተዳደር ራሱ ይደነግጣል።

‹‹ኦፕን ሶርስ›› የሚለውንም ‹‹ክፍት ምንጭ›› ብለን ተርጉመነዋል። ለፎገራ ገበሬ ክፍት ምንጭ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያልታጠረ፣ ከብትም ሰውም የሚጠጣበት፣ ጤና ሠራተኛዋ ‹‹ሳታፈሉ እንዳትጠጡ!›› የምትለው ምንጭ ነው። ደኅናው ምንጭ የጎለበተው ነው፤ በሲሚንቶ ተገድቦ ቧንቧ የተገጠመለት። ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። በነፃው ካርታ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ራሱ ይኸው ነውና፤ ሁሉም የሚቀዳበት ከሆነ ማን ይጠብቀዋል? መልሳቸው ደግሞ ምንጩን መቆለፍ አይደለም፤ ሁሉም የሚቀዳ ሰው እንዲጠብቀው ማድረግ ነው። አንዱ ሲያደፈርስ ሌላው ያያል፤ የማን እጅ እንደነካውም ተመዝግቦ ይቀራል። ለዚህ ሐሳብ ‹‹ክፍት ምንጭ›› ጥሩ ስም ነው ወይ? አልመሰለኝም።

ዋናው ጉዳዬ ግን ይህም አይደለም። በትርጉም የሚበላሽ ቃል ቢያንስ ለመተርጎም የበቃ ቃል ነው። የሚያሳስበኝ ጭራሹን መግቢያ ያላገኘው ቃል ነው።

በጣና ዳር ያሉ ገበሬዎች ‹‹ባሕር ሸሽ›› የሚሉት መሬት አለ። ክረምት ሐይቁ ሞልቶ የሚተኛበት፣ በጋ ውሃው ሲሸሽ ለምለም ሆኖ የሚወጣ፣ ገበሬው ወዲያው ገብቶ የሚዘራበት መሬት ነው። ውሃም ነው፣ መሬትም ነው። የዓመቱ ግማሽ የዓሣ፣ ግማሹ የበሬ ነው። ቃሉን እስቲ ልብ በሉት! ባሕሩ ‹‹ሸሸ›› እንጂ ‹‹ደረቀ›› አልተባለም፤ የሸሸ ደግሞ ይመለሳል። የመሬቱ ጠባይ፣ የወቅቱ ዑደት፣ የገበሬው ጥንቃቄ በሁለት ቃል ተጠቃሎ ተቀምጧል።

ይህንን መሬት በሳተላይት ፎቶ ላይ ተመርኩዞ የሚሥል ሰው ምን ይለዋል? ፎቶው የነሐሴ ከሆነ ‹‹ሐይቅ›› ወይም ‹‹ረግረግ››፤ የጥር ከሆነ ‹‹የእርሻ ማሳ›› ይለዋል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ሁለቱም ግን አላወቁትም። ይባስ ብሎ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የሚባለው አረም ሐይቁን መውረር ጀመረና ውሃው ራሱ ከላይ ሲታይ አረንጓዴ መሬት መሰለ። የፎገራ ሜዳ ደግሞ በራሱ ጊዜ ፊቱን የቀየረ አገር ነው። በዝነኛው የፎገራ ከብት ሲታወቅ የኖረው ውሃ የሚተኛበት ግጦሽ፣ በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ ሩዝ ካስተዋወቁ ወዲህ የሩዝ አገር ሆኗል። ክረምት ሩዝ፣ ሩዙ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ፣ ፓምፕ ያለው ደግሞ ሽንኩርት። አንድ ማሳ በዓመት ሦስት ስም አለው። ካርታው አንድ ስም ብቻ ጠየቀው።

‹‹ታዲያ ይህ የቃላት ጨዋታ ምን ይፈይዳል?›› የሚል አይጠፋም። ይፈይዳል። የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ተሠርቶ የሐይቁ ፍሰት በሰው እጅ ከገባ በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. ጣና ክፉኛ ጎደለ፤ ከውሃው የወጣውም መሬት ታረሰ። ያ መሬት የማነው? የሐይቁ ነው? የገበሬው ነው? የቀበሌው ነው? በካርታ ላይ ‹‹ሐይቅ›› ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ አራሹ ወራሪ ነው። ‹‹ማሳ›› ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ ደግሞ ሲመለስ ወራሪው ውሃው ነው። ‹‹ባሕር ሸሽ›› ቢባል ግን ሁለቱም በየወቅታቸው ባለመብት ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ሕዝብ ከቤቱ ሲያፈናቅሉ፣ የትኛው መንደር በየዓመቱ እግሩን የሚታጠብ፣ የትኛው ደግሞ ውሃ አይቶ የማያውቅ እንደሆነ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነበር። ያ ዕውቀት የተቀመጠው በቦታ ስሞችና በእንዲህ ዓይነት ቃላት ውስጥ ነው።

ሌላም ልጨምር። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ሰው በትኩሳት ይረግፍ ነበር። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ። የወባ መድኃኒት ቢሰጥ አልሆነም። ኋላ በግንቦት ወር ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ፤ በሽታው ወደ መተማና ሁመራ ለቀን ሥራ ከሚወርዱ ወጣቶች ጋር የመጣ እንደሆነ ተገመተ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችም አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ጀመሩ። እንዲህ ዓይነት ወረርሽኝ ሲነሣ ሐኪሙ በሽተኛውን መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ ‹‹ከየት ነህ?›› የሚል ነው። በሽተኛው የጎጡን ስም ይናገራል። ያ ጎጥ በካርታ ላይ ከሌለ፣ ወይም ‹‹ጣ››ው ‹‹ታ›› ሆኖ ከጠፋ፣ የበሽታውን መንገድ መከተል በጨለማ መሄድ ነው። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ከብሪታንያና ከአሜሪካ ቀይ መስቀል ማኅበራት፣ እንዲሁም ከነፃው ካርታ የሰብዓዊ እርዳታ ቡድን ጋር ሆኖ ‹‹ሚሲንግ ማፕስ›› የተባለውን ዘመቻ ማቋቋሙ ያለ ምክንያት አይደለም። ካርታ የሌለው ሕዝብ ሲታመም እንደሚጠፋ በየአገሩ አይተዋል።

የዚህ ዘመቻ አሠራር እንዲህ ነው። በለንደን ወይም በሌላ ከተማ ወጣቶች ምሽት ላይ ተሰብስበው፣ የሳተላይት ፎቶ በኮምፒዩተራቸው ከፍተው፣ አይተውት የማያውቁትን አገር ቤት በቤት ይሥሉታል። ደግ ሥራ ነው፤ ‹‹ምን አገባችሁ›› የሚላቸው ካለ እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ከሰማይ የቤት ክዳን ይታያል እንጂ ስም አይታይም። በደቡብ ጎንደር ማሳዎች መካከል ከላይ ሲታዩ ክብ ክብ ሆነው ጎልተው የሚወጡ የዛፍ ጉብታዎች አሉ። ሠዓሊው ‹‹ደን›› ብሎ ያልፋቸዋል። ከዛፎቹ መካከል ግን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ደብሩ ስም አለው፤ በዙሪያው ያለው ሰው ‹‹አገርህ የት ነው?›› ሲባል ያንን ደብር ነው የሚጠራው። ካርታው ዛፉን አግኝቶ አገሩን ሳተ።

እንዲህ ዓይነቱ ሥራ የአገሩን አፍ ሲሰማ ምን እንደሚመስል ታሪካችን ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው ሂዮብ ሉዶልፍን ስለ አገራችን አስተምረውታል። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1683 በወጣው የኢትዮጵያ ካርታው ላይ የእሳቸው ዕውቀት ረድቶታል። እ.ኤ.አ. ከ1838 ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ያህል በአገራችን የተመላለሰው አንትዋን ዳባዲም ከተራራ ተራራ በመነጽር እየለካ ብዙ ቅጽ ያለው የልኬት ሥራ አሳተመ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አውጥቷል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ለኪውና መዝገበ ቃላት አዘጋጁ አንድ ሰው ነበሩ! ማዕዘኑን የለካው ሰው ‹‹ይህ ተራራ ማን ይባላል?›› ብሎ ከእረኛው ይጠይቅ ነበር፤ የሰማውንም በትክክል ለመጻፍ ይጨነቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተለያየ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የአሜሪካ የካርታ ሥራ ቡድን ከእኛው ሰዎች ጋር አገሩን ከአውሮፕላን አነሣው። የልኬቱ መነሻ ኑቢያ ውስጥ በአዲንዳን ስም የሚጠራ ነጥብ ነበረና እስከ ዛሬ አሮጌውን ካርታ ከስልካችሁ ጋር ሳታስታርቁ ብታደራርቡ ቤታችሁ ከመቶ ሜትር በላይ ፈቀቅ ብሎ ታገኙታላችሁ። በመንግሥት ደረጃ ‹‹ካርታ ሥራ›› ሲባል የኖረው መሥሪያ ቤት ደግሞ ዛሬ ‹‹ስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት›› ሆኗል። ‹‹ካርታ›› የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ። ‹‹ጂኦስፓሻል›› ምን ማለት እንደሆነ የወረታ ገበያተኛን ጠይቁትና መልሱን ንገሩኝ።

አንድ ጥርጣሬ ደግሞ ሳልጠቅስ ባልፍ ለገበሬው አድልዎ ይሆንብኛል። ገበሬው መለካትን አይወድም፤ ምክንያትም አለው። በቀላድ ተለክቶ ርስቱን ያጣ ብዙ ነው። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. የሸፈተበት አንዱ ምክንያት ልኬቱ ግብርንና መነቀልን ያስከትላል የሚል ፍርሃት ነበር። ለዚህ ነው ‹‹መረጃ›› እና ‹‹ማስረጃ›› የሚሉት ቃላት በገበሬው ጆሮ የሚቀራረቡት። አንተ መረጃ ልሰበስብ መጣሁ ትለዋለህ፤ እሱ ነገ ማስረጃ ሆኖ ይመጣብኛል ይላል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ውስጥ ሆነን ስናየው ይህ ፍርሃት ተረት አይደለም፤ ሁሉ ነገር ካርታ ላይ ይውጣ ማለትም ጅልነት ነው። የማን ቤት የት እንዳለ መጻፍና የመንደሩን ስም አስተካክሎ መጻፍ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው ማንንም አይጎዳም።

ታዲያ ይህን ሥራ ምን ብለን እንጥራው? እኔ እንደሚመስለኝ ቃሉ ሩቅ አይደለም። ደቦ አለን፤ ወንፈልም አለን። ደቦ ባለቤቱ ሰው ጠርቶ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ማሳውን በአንድ ቀን የሚያነሣበት ነው። ወንፈል ደግሞ ተራ በተራ ነው፤ ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ። የለንደኖቹ ወጣቶች የመጡት በደቦ ነው። ችግሩ ባለማሳው ደቦ መጠራቱን አልሰማም፤ ጠላም አልጠመቀም፤ ‹‹በዚህ በኩል እረሱ፣ ያንን ድንበር ተዉት›› የሚላቸውም የለም። ወደ ወንፈል መግባት አለብን። እነሱ መስመሩን ሠርተዋል፤ ስሙ የእኛ ተራ ነው። ‹‹የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ›› ይባል የለ?

እነሱን መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። በሕጋቸው ማንም ሰው አዲስ መለያ ማቅረብ ይችላል፤ ‹‹ባሕር ሸሽ የሚባል የመሬት ዓይነት አለ፤ ትርጉሙ ይህ ነው›› ብሎ አስረድቶ ማስገባት ይቻላል። በሩ ክፍት ነው። ያልገባነው እኛ ነን። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት አለው፤ አማርኛም ያስተምራል። ሁለቱ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ናቸው። አንድ የካርታ ተማሪና አንድ የአማርኛ ተማሪ አጣምሮ፣ አንዱ መለኪያ፣ አንዱ ደብተር ይዞ ፎገራ ሜዳ ላይ ክረምት አንድ ጊዜ፣ በጋ አንድ ጊዜ ቢላኩ፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን አቧራ ከመጠጣት የሚያድን ሥራ ይሆን ነበር። የዳባዲን አንድ ራስ በሁለት ራስ መተካት ማለት ነው።

‹‹አማርኛ ለሳይንስ አይሆንም›› የሚለውን የለመድነውን ስንፍና ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ያፈርሰዋል። ልጆቻችን በጂኦግራፊ ትምህርት ‹‹ኬክሮስ›› የሚሉት ቃል ከየት መጣ? ከባሕረ ሐሳብ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ ይከፍሉት ነበር። ጊዜን ሲለካ የኖረ ቃል ምድርን ለመለካት ተጠራ፤ ዛሬ ማንም ባዕድ አይለውም። ያ ቃል የተገኘው መዝገበ ቃላት ገልጦ ‹‹ዌይ ማለት መንገድ ነው›› በሚል ሰው አልነበረም። ሁለቱንም ዕውቀት በሚያውቅ፣ አሮጌውን ለአዲሱ ሥራ በሚያጭ ሰው ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የቦታ ስም ግን ካልጻፉት ከባለቤቶቹ ጋር የሚቀበር ነው፤ ‹‹ይህ ቦታ ማን ይባላል?›› ተብለው የሚመልሱት ሽማግሌዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ስለዚህ ከትልቁ እንዳንጀምር እሰጋለሁ። ኮሚቴ፣ ዐውደ ጥናት፣ ‹‹ብሔራዊ ስትራቴጂ›› ይምጣ እንልና ሽማግሌዎቹ ያልፋሉ። ከትንሹ እንጀምር፤ ከአንድ ፊደል። ስልክ ያለው የአዲስ ዘመን ልጅ ዛሬውኑ ገብቶ የላይኛውን ገዳም ስም በ‹‹ጣ›› ይጻፍልን።